ዙህርን ስንት ረከዓ ትሰግዳለህ?

 

ቂርቆስና ካዛንቺስ አካባቢ ካሉ ወጣቶች ከደርስ በኋላ በተለያየ መልክ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ሐሙስ ማታ ወጥቼ ሰኞ የምመለስበት አንድ የአውሮፓ ከተማ ማየት እፈልጋለሁ። ሸሪዓው ምን ይላል?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ቀላልም ነው። ግን ጠያቂው ቶሎ አይሄድም። ትንሽ ቆም ብሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣዋል። «እንግዲህ... ለሦስት ቀን ብዬ ሞልቼ፣ ከሄድኩ በኋላ ብቀርስ?»

ዛሬ ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ እንነጋገር። ግን የመጀመሪያውን ዘለን አይደለም፤ ምክንያቱም የሁለተኛው መልስ ያለው እዚያው የመጀመሪያው ውስጥ ነው።

ወሬው በአየር ላይ እንዳይሆን አንዲት ከተማ እንምረጥ። ፓሪስን ወይም ለንደንን አልልም፤ ለሦስት ቀን አይበቁም። ሉብሊያናን እንውሰድ፤ የስሎቬንያ ዋና ከተማ ናት። ሕዝቧ 300,000 ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብትቀመጥ አንድ ወይ ሁለት ክፍለ ከተማ ብትሆን ነው። መሀሏን ሉብሊያኒጻ የሚባል ወንዝ ያቋርጣታል። ከወንዙ በላይ ኮረብታ ላይ የቆመ የድሮ ግንብ አለ። ወንዙ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሦስት ድልድዮች አሉ፤ መካከለኛው የቆየ ነው፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ የጨመራቸው ፕሌችኒክ የሚባል የሀገሩ አርክቴክት ነው። የከተማዋ እምብርት ለመኪና ዝግ ስለሆነ ሁሉም ነገር በእግር ይታያል።

ለአንድ ሙስሊም ጎብኚ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። የስሎቬንያ ሙስሊሞች በዋና ከተማቸው መስጂድ ለመሥራት መጠየቅ የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር። መስጂዱ የተከፈተው በ2020 ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! የጠየቁት አባቶች ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሰገዱበት። እዚያ መስጂድ ውስጥ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ስለ ትዕግሥት ትንሽ አስቦ የሚመለስ ሰው፣ የሄደበት ገንዘብ ባከነ አልልም።

እቅዱንም እናውጣው። ከቦሌ ወደ ሉብሊያና ቀጥታ በረራ የለም። በሌሊት ወደ ቪየና በርሮ፣ ከዚያ 6 ሰዓት ገደማ በባቡር መሄድ ነው። ዓርብ ከሰዓት ይደረሳል። ጁሙዐ ያልፋል፤ ግን ሙሳፊር ላይ ጁሙዐ ግዴታ አይደለምና ዙህሩን አሳጥሮ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። ቅዳሜ ወንዙ፣ ገበያው፣ ግንቡ፣ መስጂዱ። እሑድ ጠዋት የመልስ ባቡር። ሰኞ ካዛንቺስ፣ ሥራ።

ታዲያ ይህ ጉዞ ምን ኃጢአት አለው? ምንም። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ በምድር ላይ እንድንሄድና ካለፉት ሕዝቦች ፍጻሜ እንድንማር በተደጋጋሚ ጠርቶናል። ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ዓይኑንና ሆዱን ከሐራም የሚጠብቅ፣ እናቱ የኪራይ ገንዘብ አጥታ እሱ የሆቴል ከፋይ ያልሆነ፣ ዕዳ ያላስቀመጠ ሰው ሄዶ ይይ። «ድሃ ሀገር ተወልደህ ምን ሽርሽር አማረህ» የሚለውን ወቀሳ አልቀበለውም። ለማየት መፈለግ የሀብታም ሀገር ልጅ ብቻ የተፈቀደለት ስሜት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ወረቀቱ ላይ ነው።

ካዛንቺስ ያደገ ልጅ የሦስት ቀን እንግዳ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከተመሠረተበት ከ1950 ጀምሮ ሰፈሩ የስብሰባ እንግዳ የሚገባበትና የሚወጣበት ነው። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ማክሰኞ ይገባል፤ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዓርብ ይሄዳል። «ይቀር ይሆን?» ብሎ የሚጠረጥረው የለም። ያው የካዛንቺስ ልጅ ግን «ለሦስት ቀን ሄጄ ልምጣ» ሲል የሚያምነው ሰው አያገኝም። የቆንስላው ሠራተኛ አያምነውም። ጓደኞቹ ዓይናቸውን ጠቅሰው «አይዞህ፣ እንዳትመለስ!» ይሉታል። ጎረቤት የመጨረሻ ስንብት አድርጋ ታለቅሳለች። እናቱ እንኳን በልቧ ሌላ ነገር እየጠበቀች ነው። እሱ እውነቱን እየተናገረ ቢሆንም እውነቱ የሚያርፍበት ጆሮ የለም።

ከዚህ በኋላ ያ አስቸጋሪ ጥያቄ ይመጣል፦ ማንም የማያምነኝ ከሆነ፣ እውነት የመናገር ግዴታዬ ምኑ ላይ ነው?

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ለሼንገን ቪዛ ፓስፖርት፣ የተሞላና የተፈረመ ቅጽ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ማረፊያና የደርሶ መልስ ጉዞ ይቀርባል። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን የከፈለ ያውቀዋል። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች የተለያየ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስቴትመንቱ «እመለሳለሁ» ይላል። ደብዳቤው «እመለሳለሁ» ይላል። ቲኬቱ «እመለሳለሁ» ይላል። በቅጹ መጨረሻ ደግሞ አመልካቹ ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአባል ሀገራቱ ምድር ለመውጣት ቃል የሚገባበት ሐረግ አለ። ፊርማው የሚያርፈው ከዚያ በታች ነው። ይህ በእኛ ቋንቋ ዐህድ ነው።

አሁን ሰፈር ውስጥ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። «ፕሮሰስ» ይባላል። ለአንድ ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ አካውንት ውስጥ የሚተኛ ብር አለ። ሠርተህ በማታውቀው ድርጅት ማህተም የሚወጣ ደብዳቤ አለ። ከሌላ ሰው ሕይወት የተቆረጠ የጋብቻ ወረቀት አለ። ይህን ሁሉ «ወረቀት ማስተካከል» ይሉታል። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ የተጣመመ ነገር የቀና ያስመስላል። በነገራችን ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አልጨፈልቅም። ሙሉ ክፍያ ሳይፈጸም ቦታ አስይዞ ማቅረብ ውሸት አይደለም፤ ቪዛው ሳይታወቅ ሙሉ ቲኬት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነውና ቆንስላዎችም ይረዱታል። የሌለ ሥራ አለኝ ማለት፣ የሌላን ሰው ብር የኔ ነው ማለት ግን ስሙ አንድ ነው። ከዙር መመስከርም አይርቅም።

ከሸሪዓው በኩል አንዲት መመዘኛ አለች፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጉዳይ ጋር አያይዘን አናያትም። ቀስርን አስቡ። ሙሳፊር የአራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ያሳጥራል። ምን ያህል ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው ነው የሚያሳጥረው? በሻፊዒዮች ዘንድ የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ ያልወሰነ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ 15 ቀን ለመቀመጥ ያልወሰነ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን እንግዳ በሁለቱም ዘንድ ያለ ጥርጥር ሙሳፊር ነው፤ ያሳጥራል። ሊኖር የሄደ ሰው ግን እዚያ ከተማ እግሩ እንደገባ ሙሳፊርነቱ ያበቃል፤ አራት ረከዓ ይሰግዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቪዛው አይደለም፤ ቲኬቱም አይደለም። ኒያው ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ «ለሦስት ቀን» ብለህ የፈረምክ፣ በልብህ ግን ለመቅረት የወሰንክ እንደሆነ ልጠይቅህ፦ ሉብሊያና በደረስክበት ዓርብ ዙህርን ስንት ረከዓ ትሰግዳለህ? ሁለት ከሰገድክ በኒያህ ነዋሪ ሆነህ ሳለ የመንገደኛን ሶላት ሰገድክ። አራት ከሰገድክ ደግሞ የራስህ ሶላት በራስህ ፊርማ ላይ ምስክር ቆመ። የቆንስላው ሠራተኛ ልብህን ማየት አይችልም፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ወረቀት የሚሰበስበው። አላህ ፊት ስትቆም ግን ወረቀት የለም። አላሁ አክበር ከማለትህ በፊት ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ የሚለውን አንተ ራስህ መወሰን አለብህ።

«ገና አልወሰንኩም፤ ሄጄ፣ አይቼ ነው» የሚል አለ። እንዲያውም አብዛኛው ሰው ይህ ነው። ለሶላቱ ፊቅሁ መላ አበጅቶለታል፤ ጉዳዩ ዛሬ ይለቅ ነገ የማያውቅ መንገደኛ እንዴት እንደሚሰግድ ዑለማዎች አብራርተዋል። ለፊርማው ግን መላ የለም። ቃል የሚገባው የወሰነ ሰው ነው። ያልወሰነ ሰው «በእርግጥ እመለሳለሁ» ብሎ ሲፈርም፣ የሌለውን ነገር እንደሸጠ ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንምጣ። እኔ የምሰማቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው «እነሱ ራሳቸው ፍትሐዊ አይደሉም» የሚለው ነው። ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። የፈረንጅ ወጣት አዲስ አበባን ማየት ሲያምረው ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ የኛን ኢ-ቪዛ ይጠይቃል። የኛ ልጅ የእነሱን ለማግኘት ሕይወቱን በሙሉ በፋይል አድርጎ ያቀርባል። በሚያዝያ 2016 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ጊዜያዊ የቪዛ ገደብ ጣለ፤ መደበኛው የመልስ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ተደረገ። ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው ያለፈቃድ የቀሩ ዜጎችን በመመለስ በኩል የመንግሥት ትብብር በቂ አይደለም የሚል ነው። ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም አትሸከምም ብሎ ለሚያምን ሰው፣ አንዱ በቀረው ሌላው 45 ቀን መጠበቁ ከንካኝ ነው። ይከንክነን።

ግን የሌላው በደል የኔን ምላስ ነፃ ያወጣዋል? የሑዘይፋ ኢብኑል የማንን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። እሱና አባቱ ወደ መዲና ሲሄዱ ቁረይሾች ያዟቸው። «ሙሐመድን ፈልጋችሁ ነው» አሏቸው። ወደ መዲና ብቻ እንደሚሄዱ፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሆነው እንደማይዋጉ ቃል አስገብተው ለቀቋቸው። ቀኑ የበድር ዋዜማ ነው። ሙስሊሞች ሦስት መቶ ምናምን ሰው ናቸው፤ ጠላት የእነሱ ሦስት እጥፍ ነው። ሁለት ተዋጊ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉ የተሰጠው ለጠላት ነው፤ ያውም ተይዘው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን ሲሰሙ ግን ቃላቸውን እንዲጠብቁ፣ ወደ መዲና እንዲሄዱ አዘዟቸው፤ እርዳታውን ከአላህ እንጠይቃለን አሉ። ሑዘይፋ በድርን ያልተካፈለው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከበድር የሚበልጥ ምክንያት ያለው ሰው ካለ ያምጣው።

ሁለተኛው «ማንም አያምነኝም» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ እውነት ለታመነ ሰው የሚከፈል ደሞዝ አይደለም። የምትናገረው ስላመኑህ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞም አስብ፤ ያለማመኑ ከየት መጣ? ሁሉም ከነሱ ትዕቢት አልመጣም። የኛ ሰው በየጊዜው «ለሦስት ቀን» ብሎ በፈረመ ቁጥር ከአንድ የጋራ ዕቃ ቀንሶ ሄዷል።

መታመንን እኔ የማየው እንደ ወቅፍ ነው። ወቅፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ለሙስሊሙ ጥቅም የሰጠው ቤት ወይም መሬት ነው። ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አይወርሰውም። የፓስፖርታችን ስምም እንዲሁ ነው። ከኛ በፊት ሄደው በቃላቸው የተመለሱ ሰዎች ያስቀመጡት ነገር ነው። ስኮላርሺፕ ያገኘች እህት፣ ለሕክምና ልጁን ይዞ የሚወጣ አባት፣ ለሦስት ቀን ስብሰባ የተጠራ ተመራማሪ፣ ወንድሟን ለሠርጉ ልትጎበኝ የምትሄድ እናት፣ ሁሉም የሚያልፉት በዚያ ስም ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ የሚቀር ሰው «ማንንም አልጎዳሁም» ይላል። የጎዳው ሰው አጠገቡ ስለሌለ ነው። ተጎጂው ከሁለት ዓመት በኋላ በቆንስላው መስኮት ፊት ቆሞ እውነቱን እየተናገረ የማይታመነው ልጅ ነው። ወቅፉን ሸጠህ ሄደሃል፤ ያልተወለደ ጎረቤትህ ያለ ጥላ ቀርቷል።

ሦስተኛው የሁሉም ከባድ ነው። «ኡስታዝ፣ አንተ ስለ ሽርሽር ታወራለህ፤ እኔ ግን እዚህ መኖር አልቻልኩም።» እዚህ ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው። የሚያለያየውን ግን እንለይ።

ለሕይወቱ ወይም ለሃይማኖቱ ሸሽቶ የሚወጣ ሰው ጎብኚ አይደለም። መሸሽ ለሱ ነውር አይደለም፤ ሂጅራ ታላቅ ስም ነው። የዚህን ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ታሪኩ የተፈጸመው በኛው ሀገር ነው። በነብይነቱ 5ኛ ዓመት፣ በ615 አካባቢ መሆኑ ነው፣ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ፤ ስደተኞቹን አስመልሱልን ሊሉ። ነጃሺ ግን ሳይሰማቸው አሳልፎ አልሰጠም። ጠራቸውና ጠየቃቸው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደደረሰባቸው፣ ለምን የእሱን ሀገር እንደመረጡ ግልጹን ተናገረ። «ነጋዴዎች ነን፣ ገበያ አይተን እንመለሳለን» አላለም።

በነጋታው ነገሩ ከበደ። ዐምር ተመልሶ ገብቶ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ አለ። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፤ ጳጳሳቱ በዙሪያው ናቸው። በዚያች ሌሊት ስደተኞቹ ተሰብስበው ምን እንበል ብለው ተማከሩ። እዚህ ላይ እኛ ብንሆን ስንት ዓይነት «ማስተካከያ» በመጣልን! እነሱ ግን የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን ነብያችንም ያስተማሩንን እንላለን ብለው ተስማሙ። ጃዕፈርም እንዲሁ አደረገ። ነጃሺ አመነው፤ ስጦታውንም ለላኪዎቹ መለሰ። ይህን የምትነግረን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት፤ እዚያው ነበረች። ጃዕፈር በሐበሻ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ በሂጅራ 7ኛው ዓመት ነው የተመለሰው። ያን ያህል ዓመት የኖረው በገዛ ስሙ፣ በስደተኝነቱ ነው፤ ፈርቶ የሚደብቀው ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ የሚሸሽ ሰው «እሸሻለሁ» ይበል፤ ለዚህ የሚሆን ሕግ በዓለም ላይ አለ።

ለሪዝቅ የሚወጣስ? መውጣቱ ሐላል ነው። ግን በሥራ በር ይውጣ፣ በትምህርት በር ይውጣ። «በሩ ጠባብ ነው» ትለኛለህ። እውነት ነው፤ በጣም ጠባብ ነው፤ አቀለዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን በሐላል ሪዝቅ ፍለጋ ስም የመጀመሪያውን እርምጃ በዐህድ ማፍረስ መጀመር ምን ዓይነት መሠረት ይሆናል? ቀድመው ሄደው የቀሩ ወንድሞችና እህቶችን በተመለከተ ደግሞ ጌታቸው አዛኝ ነው፤ ተውበት ክፍት ነው፣ ሁኔታቸውንም እሱ ያውቃል። እዚህ ቁጭ ብለን የምንፈርድባቸው አይደለንም። የምነግረው ገና ላልፈረመው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ካዛንቺስ ላደጉት። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት የመጣ ነው። ሊቀሩ የመጡ ሰዎች ቤት ሠሩ፤ አምስት ዓመት ቆይተው ወጡ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የሰፈሩ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ከነዚህ ልጆች አንዱ «የምመለሰው ወዴት ነው? ሰፈሬ እንኳን የለም» ሲል ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። የቆንስላው ሠራተኛም በሌላ ቋንቋ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከሀገርህ ጋር የሚያስርህ ምንድን ነው ይላል።

እኔም የምለው፣ ሠራተኛው ሳይጠይቅህ በፊት አንተ ራስህን ጠይቅ፦ የሚመልሰኝ ምንድን ነው? መልሱ ግድግዳ አይደለም፤ ግድግዳ ይፈርሳል። መልሱ ሐቅ ያለበት ሰው ነው። ኩላሊቷን የምታመም እናት፣ ቁርኣን የምታቀራው ታናሽ ወንድም፣ ያላለቀ ዕዳ፣ የተበተነ ግን ያልጠፋ ጎረቤት። ለሉብሊያና ባቡር ሰዓት የምትፈልግበትን ትጋት፣ ካርታ የምታይበትን፣ የምትውልበትን ቦታ በሰዓት የምትከፋፍልበትን ትጋት አስብ። ከዚያ ቅዳሜን ለአንዲት የድሮ ጎረቤት አድርገው። የት ነው የተዛወሩት? በየትኛው ታክሲ ነው የሚደረሰው? ምን ይዤ ልሂድ? ይህም ጉዞ ነው፤ ይህም ዚያራ ነው። ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው «እመለሳለሁ» ሲል ቃሉ ክብደት አለው። የሚመልሰው ሰው የሌለው ግን ስቴትመንቱ ሚሊዮን ቢሆንም ወረቀት ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ?

ኒያህ በእውነት ሦስት ቀን ከሆነ፣ በራስህ ገንዘብ፣ በራስህ ደብዳቤ፣ በራስህ ስም ጠይቅ። ትንሽ ብር ካለህ ትንሽ አሳይ፤ በእቅድህ ልክ ይሁን። ቢከለክሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጡሃል፣ ይግባኝ የማለት መብትም አለህ፤ ተጠቀምበት። ቢከለክሉህም ያ የሰጡት መልስ በማመልከቻህ ላይ እንጂ በሰውነትህ ላይ አይደለም። እውነት ተናግሮ መከልከል የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ኒያህ መቅረት ከሆነ ጉብኝት አትበለው። ስሙን ስትቀይር ሶላትህ ራሱ ግራ ይገባዋል።

ያልወሰንክ ከሆነ ደግሞ አትፈርም። ኢስቲኻራ ስገድ፤ ከምታምነው ሰው ጋር ተማከር፤ ስትወስን ትፈርማለህ።

ሄደህ ከተመለስክ ደግሞ አንድ ውለታ ዋልልን፤ መመለስህን አታፍርበት። ሰኞ ጠዋት ሻንጣህን እየጎተትክ ስትገባ «ምነው፣ መጣህ እንዴ?» የሚሉህ ይኖራሉ፤ ሞኝ ያደርጉሃል። ፈገግ በልና «ለሦስት ቀን ብዬ ነበር የሄድኩት» በላቸው። ያቺ አንዲት መልስ ከኋላህ ለሚመጣው ልጅ ያስቀመጥክለት ሰደቃ ናት።

አላህ ምላሳችንንና ልባችንን አንድ ያድርግልን። የሚወጡትን ወንድሞችና እህቶቻችንን በየብስም በባሕርም ይጠብቅልን። እዚህ ላለነውም ሀገራችንን የምትመለሱባት እንጂ የምትሸሹባት አያድርጋት። የተበተኑ ጎረቤቶቻችንን በመልካም ያገናኘን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዐ ሙባረክ።